ቢዬላ ነው የተባለው ድምፅ

ሰላሃዲን ታክሲውን በጆሮው ነበር የሚነዳት። ዓይኑ መንገዱን ያያል፣ እጁ መሪውን ይይዛል፣ ልቡ ግን ሁልጊዜ ከኮፋኖው ሥር ነው። ማንም አላስተማረውም። ጢሙ ሳይበቅል ከከሚሴ ተነሥቶ አስመራ ገባ፤ መጀመሪያ መኪና አጣቢ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ ሹፌር እያለ የራሱን አሮጌ የናፍጣ መኪና እስኪይዝ ድረስ ያዳምጥ ነበር፤ ያ ብቻ። ቀበቶዋ ሲላላ እንደ ድመት ግልገል ታለቅሳለች። የናፍጣ መርጫዋ ሲቆሽሽ ጥርሷን ታፋጫለች። ማርሚታዋ ሲቀደድ እንደ ሰከረ ሰው ከኋላ ትለፈልፋለች። ሁሉንም ያውቃል። ማታ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ጥቂት ያዳምጥና «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እሷም ተንቀጥቅጣ ዝም ትላለች።

ይሄኛውን ግን አላወቀውም።

ነጻነት በመጣ በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ መኪናዋ ቆማ ስትንተከተክ ከሆዷ አንድ ድምፅ መጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ግድግዳ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል። መጀመሪያ እሱ ብቻ ሰማው። ቀጥሎ ፌርማታ ላይ የቆሙት ሹፌሮች ሰሙት። በመጨረሻ ተሳፋሪው ሁሉ «ኣንታ፣ ይህች ማኪና ታደርሰናለች?» ማለት ጀመረ።

ሁለት ጋራዥ ወሰዳት። ሁለቱም ጋ የሰማው ያንኑ አንድ ቃል ነው፤ «ቢዬላ»። ቢዬላ ፒስተኑን ከታች ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው። የሚሽከረከርበት ቦታ ከተበላ ሞተሩ ይንኳኳል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ክንዱ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣና ነገሩ ሁሉ ያከትማል። መለዋወጫ እንዳያስመጣ ወደቡ ገና ከጦርነቱ አላገገመም። የቀራት አንድ መንገድ መደበር መሄድ ነው፤ እዚያ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ ወደሚሆንበት።

ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ የአክስቱ ልጅ ሱሃይል ጓዙን ሸክፎ በጨረሰበት ሰሞን ነው። ሱሃይል ጨርቃ ጨርቅ ይቸረችር ነበር፤ ደንበኞቹ የነበሩት የመኮንኖቹና የቢሮ ሰዎቹ ቤተሰቦች አገራቸው ሲገቡ ገበያው ቀዘቀዘበት። ከሌሎች የወሎ ሰዎች ጋር ሆኖ አንድ የጭነት መኪና ተኮናተሩ፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ ደሴ ሊነሡ።

«ስማ ሰላሁ» አለው፣ ታክሲዋ ፊት ቆሞ እየሳቀ፤ «እዚህ ተቀምጠህ ምን ልትነዳ ነው? ዘነዘና?»

«ትድናለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ሦስት ሰው ሞታለች ካለህ በኋላ ነው እንዴ የምታምነው? ላንተና ለቤተሰብህ ቦታ ይዣለሁ። ረቡዕ መግሪብ ላይ እመጣለሁ፤ ወይ እሺ በለኝ፣ ወይ ለሌላ ልስጠው።»

«ያዩዋት ሁለት ናቸው።»

«ሦስተኛውን ፈልገህ አምጣና ቁርጥህን እወቅ!»

የሰላሃዲን ሚስት ዘሚራ አስመራ የተወለደች የወሎ ልጅ ናት፤ ከሚሴን በስም እንጂ በዓይኗ አታውቃትም። ልጃቸው ቀድሪያም እዚሁ ትማራለች። ዘሚራ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ ቀና ሳትል «የቀድሪያ አባት» አለችው። «መኪናዋ ከሠራች እንበላለን። ከበላን ደግሞ ለምን እንሄዳለን? እኛን ማን ሂዱ አለን?»

ማንም አላላቸውም። ሰላሃዲን እያንዳንዱን ጎረቤት በልቡ ጠራ፤ ማንም አላለም። ግን ታክሲዋ ከቆመች በእርዳታ ስንዴ ተራ መሰለፍ ሊመጣ ነው፤ በዚያ ሰልፍ ደግሞ እንግዳ ሰው ሆኖ መቆም ያሳፍረዋል። ከሚሴ ቢያንስ የአባቱ ማሳ አለ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ረቡዕ በማለዳ መኪናዋን እያባበለ ወደ ጸጸራት ሰፈር ነዳት፤ ሦስተኛው ሰው ወደ አቦይ ገብረእግዚኣብሄር።

አቦይ ገብረእግዚኣብሄር በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ጋራዥ የወጡ፣ ፂማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ሰጡ። ከዚያ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስዱትን አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ተራ በተራ ማላላት ያዙ። ይሄ የቆየ መፈተኛ ነው፤ ናፍጣ የተቋረጠበት ሲሊንደር ሥራ ስለሚያቆም፣ በሽተኛው ቢዬላ የእሱ ከሆነ ድምፁ ለስለስ ይላል። አንዱን አላሉ፤ ዱብዱቡ ባሰበት። ሁለተኛውን አላሉ፤ ባሰበት። አራቱንም አዳረሱና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ወደይ፣ ልዋሽህ አልችልም። አንዱ ብቻ ቢሆን እሱ ሲቋረጥ ድምፁ በለሰለሰ ነበር፤ አራቱም ቢዬላ ሄዷል።»

ሰላሃዲን አንገቱን ደፋ። «አላህ ያመጣው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አራቱም ባንድ ጊዜ?» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላ። «ተማክረው ነው ሓወቦይ?»

የወንድማቸው ልጅ ለምለም ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ አጭር፣ እግሯ ላይ የሜዳ ፕላስቲክ ጫማ። በረሃ ውስጥ፣ ከመሬት ሥር በተቆፈረ ጋራዥ፣ የተማረኩ የጭነት መኪናዎችን እየጠገነች ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። ተጋዳላይ ስለሆነች ከአጎቷ በቀር ለማንም «አንቱ» አትልም።

«ይህች ደግሞ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያላት፣ ሁለት ካለን ሰዎች በላይ ልስማ ትላለች» አሉ ሽማግሌው። ቅሬታ መስለው ይናገሩት እንጂ ፊታቸው በኩራት በርቷል።

«ግራውን ቦምብ ወሰደው። በቀኜ ዙርና አውራኝ» አለችው ሰላሃዲንን። «ስምህ ማነው?»

«ሰላሃዲን።»

«ሓወይ ሰላሃዲን፣ ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሣ ድምፁ እንዴት ነው?»

ሰላሃዲን ቀና አለ። እስከዛሬ ሁሉም ድምፁን አዳመጠ እንጂ እሱን የጠየቀው የለም። «ያው ነው። ስትሞቅም ያው ነው።»

«ቢዬላ ቢሆን ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይብስበታል። እሺ፣ ዳገት ላይስ?»

«ከቤት ጊዮርጊስ በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ አልሰማውም። እዚያ ከባሕር በኩል ነፋስ አለ፤ የመሰለኝ እሱ ሸፍኖብኝ ነው።»

«ነፋስ!» አለች ለምለም፤ ሳቋ መላ ግቢውን ሞላው። «ኣይኮነን፣ አይደለም! ቢዬላ ዳገት ላይ ነው የሚጮኸው። ዳገት ላይ ዝም የሚል ቢዬላ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ሓወቦይ፣ እናንሣት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እሰይ፣ ልሳሳት። ደስ ብሎኝ እሳሳታለሁ።»

መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽሟን፣ ሻንሲውን፣ በአራት የብረት ማቆሚያዎች ላይ አሳረፉት። ለምለም ከሥር ገብታ ዘይቱን ሳፋ ውስጥ አፈሰሰችው። ቢዬላ ከተበላ ዘይቱ ውስጥ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ይገኛል። ሦስቱም ሳፋው ላይ አጎነበሱ። ዘይቱ ጥቁር ነበር፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ግን አልነበረውም። ለምለም በጣቷ አሽታ ለፀሐይ አሳየችው፤ ምንም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰላሃዲን።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች ለምለም። «ምን እንዳልሆነ አወቅን እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅንም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ መንገድ አልሰድህም።»

ዘይቱን አጣርታ መለሰችና ሞተሩን አስነሣችው። ከዚያ ሰላሃዲን አይቶ የማያውቀውን ነገር አደረገች። አንድ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት አነሣች፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተከለች፣ ሌላውን በጥርሷ ነከሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች። በአጥንቷ ነበር የምትሰማው። ከላይ ነካች፤ ራሷን ነቀነቀች። በጎን ነካች፤ ነቀነቀች። ከታች ስትነካ ቅንድቧ ተሰበሰበ። «እዚህ ይበረታል» አለች እንጨቱን ከአፏ አውጥታ። «ግን እዚህ ያለው ዘይት የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በራሱ አይንኳኳም።» እንደገና ነከሰች። ሄደች፤ መጣች። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች።

ሰላሃዲን የዙህር ሰዓቱ እንዳያልፍበት ፈራ። «አቦይ፣ እዚህ ጥግ ብሰግድ?»

«ምን ያስጠይቅሃል? ውሃው እዚያ ነው፣ ንጹሕ ምንጣፍ ላምጣልህ» አሉ ሽማግሌው። እሱ ግን መስገጃው ከመኪናዋ አይለይም ነበር። ታጠበ፤ ከመኪናዋ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈና ቆመ። ለምለም ሞተሩን ላጥፋው ወይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ተይው አላት።

ቆሞ ሲቀራ ድምፁን በጆሮው ይሰማዋል፤ እንደ ሁልጊዜው ከሞተሩ ሆድ ነው የሚመጣው። ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ግን ዱብዱቡ በግንባሩ መጣ። ከጆሮ ይልቅ በግንባሩ ጥርት አለ። ልቡ ደነገጠ። ጌታዬ ይቅር በለኝ፣ ብሎ ሐሳቡን ሰበሰበና ተነሣ። ቀጣዩ ሱጁድ ላይ እንደገና መጣ፤ በሲሚንቶው ውስጥ፣ እንደ ልብ ምት።

ሊጮህ ፈለገ። አልጮኸም። ሰላቱን አላቻኮለም፣ አላሳጠረም፤ በስተቀኝ በስተግራ አሰላምቶ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓውን አድርሶ፣ ከዚያ ነው ቀና ብሎ «እህቴ ለምለም!» ያለው። «መሬቱ ይንኳኳል።»

«ምን?»

«መሬቱ። ግንባሬን ሳስነካ ድምፁ በመሬት ነው የመጣብኝ።»

«ስትሰግድ ነበር ወይስ ስታዳምጥ?»

«ስሰግድ ነበር» አለ ሰላሃዲን አፍሮ። «እሱ ራሱ መጣ።»

ለምለም ሳታመነታ መሬቱ ላይ ተዘርግታ ግንባሯን ደፋች። ሽማግሌው «ጓለይ፣ ሰለምሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጥቂት ቆይታ ብድግ አለች፤ ዓይኖቿ በርተው ነበር።

«ሞተር የሚቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው» አለች፤ ለእነሱ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ይመስላል። «ላስቲኩ ድምፁን ይውጠዋል፤ ወደ ሻንሲው አያሳልፍም። ቢዬላ ቢሆን ሲሚንቶ ድረስ እንዲህ ጠርቶ ባልወረደ። ሻንሲውን የሚመታው ነገር አለ። መቺው ሞተሩ ራሱ ነው!»

ረጅም ብረት ይዛ ከሥር ገባች። ብረቱን ከሞተሩ ሥር አስገብታ በትከሻዋ ወደ ላይ ገፋችው። የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ቢል ነው።

ዱብዱቡ ቆመ።

ከሞተሩ ለስላሳ ንትክትክ በቀር በግቢው ውስጥ ምንም አልተሰማም። ለቀቀችው፤ ዱብ፣ ዱብ። ገፋችው፤ ዝም። ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ነገሩ ይሄ ነበር። በከበባው ዓመት፣ ወደ ከተማው ምንም በማይገባበት ጊዜ፣ የሞተሩ መቀመጫ ላስቲክ ሲቀደድበት ሰላሃዲን መደበር ሄዶ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አሠርቶ ነበር። ያኔ አስመራ ውስጥ ያልተቀጠለና ያልተተካ መኪና አልነበረም፤ የታክሲዋ ግማሽ አካል የመደበር ሥራ ስለነበር ይሄኛውን ከነጭራሹ ረስቶታል። ላስቲኩ እየሟሸሸ ሞተሩ በግራ በኩል ቀስ በቀስ ሰመጠ፤ የዘይቱ ቆርቆሮ ከሻንሲው አግዳሚ ብረት ጋር ሊነካካ ጥቂት ቀረው። ሞተሩ ጠፍቶ ለሚያይ ሰው ጥፍር የምታሳልፍ ክፍተት አለች፤ ስለዚህ ከሥር የገባ ሁሉ ምንም አላየም። ሞተሩ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ይመታል። ቱቦ ሲላላ ሞተሩ ይበልጥ ስለሚንዘፈዘፍ ይበልጥ ይመታል፤ ሽማግሌውን ያሳሳታቸው ይሄ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ሲጎትት ሞተሩ ወደ ሌላው ጎን ዘመም ስለሚል ይላቀቃል። አሁን ለምለም ቅባቱን ጠርጋ አሳየቻቸው፤ አግዳሚው ብረት ላይ ብር የመሰለች ክብ ቦታ ታብረቀርቃለች።

«ሃምሳ ዓመት!» አሉ አቦይ ገብረእግዚኣብሄር ጭንቅላታቸውን እየያዙ። «ሃምሳ ዓመት ሞተር ሳዳምጥ መሬት አዳምጬ አላውቅም። ኣምላኽ ይመስገን፣ እንኳን ተሳሳትኩ!» ሰላሃዲንን አቅፈው ሁለት ጊዜ በትከሻቸው መቱት።

የተጨፈለቀውን ላስቲክ ፈትታ ይዛው፣ ለምለምና ሰላሃዲን በእግራቸው ወደ መደበር ሄዱ። መንገድ ላይ በቀኟ ነበር የሚሄደው፣ እንድትሰማው።

«ከየት ነህ?» አለችው።

ይቺን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቃት ነበር። «ከወሎ። ከከሚሴ።»

ላስቲኩን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ወልድያን ታውቃለህ?»

«አልፌባታለሁ።»

«የወልድያ ሰው ነው እንጨት በጥርስ መንከስ ያስተማረኝ» አለች። «ወንድይፍራው ይባላል። የጦሩ መካኒክ ነበር፤ ተማርኮ ከእኛ ጋራዥ ገባ። ጆሮዬ ሲጠፋ ከሞተር ሥራ ሊያወጡኝ ነበር። እሱ ነው እንጨት አምጥቶ ‹ንከሺ፣ አንቺ ልጅ፣ አጥንትሽ አልደነቆረም› ያለኝ። አማርኛውንም ከሱ ነው የተማርኩት። ምርኮኞቹ የተለቀቁ ጊዜ ሌላ ግንባር ነበርኩ፤ ስመለስ ሄዷል። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ፣ እንኳ አላልኩትም።»

ሰላሃዲን የሰውዬውን ስም በልቡ ያዘ።

መደበር ውስጥ መዶሻው፣ ወፍጮው፣ መጋዙ እየጮኸ ጆሮ አያሰማም። ተመልሶ የሚባለው ላስቲክ ቆራጭ የተጨፈለቀውን ላስቲክ አገላብጦ አየና የራሱን ሥራ አወቀው።

«አንተ ሰውዬ! ይሄን ስሰጥህ ለአንድ ክረምት ነው አላልኩህም?»

«አልከኝ እንዴ?»

«ብዬሃለሁ! ያኔ ጥሩ ጎማ ከየት ይመጣል? አሁን ግን ተመልከት።» ከጀርባው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጥቁር ላስቲክ ጎትቶ አወጣ። «ከታንክ እግር የተላጠ። ሞተርህ አይደለም፣ ቤትህን ብታስቀምጥበት አይሰምጥም።»

ለምለም በጥፍሯ ሞከረችው። «ጽቡቕ። ግን ይሄ ድንጋይ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል። ከላዩ ለስላሳ ንጣፍ አድርግበት።» ላስቲክ ቆራጩ እያጉረመረመ እንዳለችው አደረገ።

ከመግሪብ በፊት ሞተሩ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። አስነሡት። የሚሰማው የድሮው ንትክትክ ብቻ ነበር፤ ሰላሃዲን ሃያ ዓመት የሚያውቀው። ለምለምን ሊያመሰግናት ፈለገ። «አላህ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። እሷ እጇን በናፍጣ እየታጠበች «ኣጆኻ፣ አይዞህ፣ ሂድ። ሚስትህ እየጠበቀች ነው» አለችው።

ሱሃይል በቀጠሮው መጣ። ሰላሃዲን ቦታውን ለሌላ ስጠው አለው፤ ዘሚራ ከውስጥ እልል ልትል ብላ አፏን በሻሽዋ ያዘች። ሱሃይል ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ፤ ከዚያ «መቼም አንተ ከሰው ይልቅ ብረት ነው የምትሰማው» ብሎ እጁን ሰጠው።

ሐሙስ ጠዋት ሰላሃዲን የሱሃይልን ሚስትና ልጆች ከነጓዛቸው ጭኖ ወደ ጭነት መኪናው አደረሳቸው። ዕቃው ሲወርድ ሱሃይል ኮፋኖው ላይ ጆሮውን ለጠፈ።

«የታለ ዱብዱቡ?»

«ቀረ።»

«ወላሂ? እኔ በሱ ተማምኜ ነበር የማሳምንህ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ የሱሃይል ዓይን እንባ ሞላው። ሰላሃዲን እጁን ያዘው። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። ወልድያ ስትደርሱ ውረድና ጋራዦቹን ጠይቅ። ወንድይፍራው የሚባል የናፍጣ ሞተር መካኒክ፣ ምርኮኛ የነበረ። ካገኘኸው ለምለም የቐንየለይ ብላሃለች በለው። ባስተማርካት ሙያ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አትርፋለች በለው።»

«ሰውዬው ወልድያ ከሌለስ?»

«ለሚያውቀው ሰው ንገር። ይደርሰዋል።»

«ምን ነበር ያልከው ቃሉ?»

«አስመራ ስንት ዓመት ኖረህ የቐንየለይ ማለት አታውቅም?»

«አውቃለሁ፤ ከልብ ሲባል ግን እንዴት እንደሆነ አንተ በለውና ልስማ።»

ሰላሃዲን አለው። ሱሃይል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው፣ ጭነቱ ላይ እየወጣም ደገመው። መኪናው አቧራ አስነሥቶ ወደ ደቀመሓረ መንገድ ሲታጠፍ ከጓዙ በላይ እጁን ሲያወዛውዝ ይታይ ነበር።

ሰላሃዲን ዱዓውን አድርሶ ታክሲዋ ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ሲያዳምጥ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት መስኮቱን አንኳኩ።

«ወደይ፣ ይህች ማኪና ትሰርሕ ዶ?» አሉ። «ቆማለች ብዬ ነው።»

«እወ ኣደይ» አላቸው በሩን እየከፈተ። «ትሠራለች፤ አልሐምዱሊላህ። ይግቡ።»